አርባ ክኒን ለቦራ

ሰኞ፣ ሰኔ 2

የቦራ ልብ ቆሞ፣ ምንም ሳይሠራ፣ በደቂቃ ስልሳ አራት ጊዜ ይመታል። ጤነኛ ፈረስ በእረፍት ላይ ከአርባ ብዙም አያልፍም። ቁጥሩ ብቻ ቢሆን እንዲህ ባልደነገጥኩ። አመታቱ ነው ያስደነገጠኝ። ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ ዝም፣ አንዴ፣ ከዚያ ሦስት ተደራርበው፣ ደግሞ ዝም። ደረጃ ላይ የሚንከባለል ድንች ይመስላል። ማዳመጫውን ከጆሮዬ አውጥቼ አራግፌ መልሼ ሰካሁት፤ ጥፋቱ የመሣሪያው ቢሆን ብዬ።

ከሰዓት የእንስሳት ሕክምና ያስተማሩኝ የድሮ መምህሬ የልብ ምስል ማሽናቸውን ይዘው መጡልኝ። በግራ በኩል ያለው የልብ በር አይገጥምም፤ ደም ወደ ኋላ ያፈሳል። ከላይ ያለው ክፍል ተለጥጦ ይንቀጠቀጣል።

"አይድንም፤ ግን ይረጋጋል" አሉኝ። "ዲጎክሲን በቀን ሁለቴ። ታዲያ ይሄ መድኃኒት ቀልድ አያውቅም። በሚረዳበትና በሚመርዝበት መጠን መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው። እጅሽ እንዳይስት።"

"ሃያ ዓመት አልሳተም" አልኳቸው። አሁን ስጽፈው አሳፈረኝ። ምን ለማለት ፈልጌ ነው?

የግልቢያ ትምህርት ቤታችን የመዝጊያ ትርኢት ሰኔ 29 ነው። ዳይሬክተሯ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ቦራ ይደርሳል ወይ?" ማንም አይቀመጥበትም፤ በገመድ ተይዞ ሰልፉን ይመራል። ከዚህ ያለፉ ልጆች ሁሉ ኮርቻ ላይ የወጡት መጀመሪያ በቦራ ነው። "እናያለን" አልኳት። በሷ ጆሮ "እናያለን" ማለት "አዎ" ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ተጀመረ። ለአንድ ጊዜ አርባ ክኒን፤ እያንዳንዱ መቶ ሃያ አምስት ማይክሮ ግራም። ቦራ አራት መቶ ሃምሳ ኪሎ ይመዝናል። ሦስቴ አሰላሁት፤ ልክ ነው። ክኒኑ የሰው መድኃኒት ስለሆነ በሙቀጫ ወቅጬ፣ የአንዱን ጊዜ በአንድ ወረቀት ጠቅልዬ ለጋሼ ልጓም እሰጣለሁ። እሳቸው ከፉርሽካና ከሞላሰስ ጋር ለውሰው ያበሉታል።

ጋሼ ልጓም የቦራ ጠባቂ ናቸው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ። ስማቸውን ከደመወዝ መዝገቡ በቀር የሚጠራው የለም። ዳቦ ሊገዙ ሲወጡም ልጓም ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ቆጠራ ላይ ግን ከኔ ይፈጥናሉ።

አርባውን ክኒን ጠረጴዛው ላይ ሲያዩ፣ "አንቺ ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ውጦ ለምሳ ቦታ ይቀረዋል?" አሉኝ።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

ሃምሳ ሁለት። እየወረደ ነው።

ጋሼ ልጓም ማዳመጫውን ስሰጣቸው እምቢ አሉ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጆሯቸውን ከቦራ ግራ ክርን ኋላ ለጠፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቦራም አንገቱን አዙሮ ጀርባቸውን አሸተተ። "ያው እንደ ሰካራም ነው የሚራመደው" አሉ ስለ ልቡ፤ "ብቻ ሰካራሙ ዛሬ ወደ ቤቱ እየሄደ ነው።"

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

አርባ አራት! ዳይሬክተሯ በመስኮት ሆና አውራ ጣቷን አሳየችኝ። መምህሬም በስልክ "ጎበዝ" አሉ። እንደ ተማሪ ደስ አለኝ። በዚያው ቀን ሌሎች ሁለት ፈረሶች አነከሱ፣ የአንዷ ድድ አበጠ፣ የክትባት ዝርዝር ሳልጨርስ ቀረሁ። ቤት ስገባ ባለቤቴ፣ "ጫማሽን ሳታወልቂ ተቀመጪ እንጂ፤ ቆመሽ ነው እንዴ የምትበዪው?" አለኝ። እውነትም ቆሜ ነበር።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

ጥድፊያ። የክኒኑ ሳጥን አለቀ። ፋርማሲ ሮጥኩ። ፋርማሲስቷ "ያው ነው፣ ከሌላ ፋብሪካ ነው የመጣው" አለች። የድሮው ቢጫ ነበር፣ ይሄ ነጭ። አሥራ አራት ጥቅል፣ እያንዳንዱ አርባ። ስወቅጥ ስልኩ መጮኹን አላቆመም። አንካሳዋን ፈረስ ለማየት ቸኮልኩ። ለጋሼ ልጓም ሰጥቼ ሄድኩ። ከነገ ጠዋት ጀምሮ ይሄንን ይሰጣሉ።

እሁድ፣ ሰኔ 15

ሠላሳ ስድስት! እንደ ወጣት ፈረስ። ይህ መድኃኒት ድንቅ ነው።

ጋሼ ልጓም፣ "ፉርሽካውን ግማሽ ተወ" አሉኝ። ሙቀቱ ነው አልኳቸው።

"ሙቀት ትናንትም ነበረ" አሉ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ፋንድያው ቀጭን ነው። ድርቆሽ ያሸታል፣ ይተወዋል። ጭንቅላቱን ጥግ ላይ አድርጎ ይቆማል። ምናልባት ሆዱን ነው። ምናልባት ውኃው። የውኃ ገንዳውን አሳጠብኩ። ጋሼ ልጓም ጥቅሉን ይዘው፣ "ዛሬ እንዝለለው እንዴ?" ቢሉኝ፣ "የልብ መድኃኒት አይዘለልም!" ብዬ ጮህኩባቸው። ሰው ፊት። እሺ ብለው ለወሱት።

ረቡዕ፣ ሰኔ 18

ጠዋት ከሰጡት በኋላ እግሩ ተንገዳገደ። ሃያ ስድስት። አንድ ምት፣ ወዲያው ተጣብቆ ሌላ፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ። በዝምታው ውስጥ የራሴን ልብ እሰማ ነበር። መድኃኒቱን አስቆምኩ፤ ደም ወሰድኩ፤ ፈሳሽ ሰካሁለት። መምህሬ ጋ ደወልኩ።

"ዲጎክሲን በዝቶበታል" አሉ። "የክኒኑ መጠን ስንት ነው?"

"መቶ ሃያ አምስት።"

"ሳጥኑን አይተሻል?"

"አይቻለሁ።"

ያየሁት ሰኔ 3 ነው። ያኔ ያየሁትን ሳጥን ነው አይቻለሁ ያልኩት። ውሸት አይደለም።

የቀሩትን አምስት ጥቅሎች መጸዳጃ ቤት ጨመርኳቸው። አደገኛ ነገር ጋጣ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ባዶውን ሳጥንም ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ መሳቢያው ተዝረክርኮ ነበር።

ሰው ይህ መድኃኒት ሲበዛበት ያስመልሰዋል፣ ዓለም ሁሉ ቢጫ ይሆንበታል ይባላል። ፈረስ ማስመለስ አይችልም። ቦራ ምን እንደሚታየው ማን ይጠይቀዋል?

ሐሙስ፣ ሰኔ 19

አልሞተም። ሠላሳ። እንደዚያው የተጣበቀ ምት፤ ግን ዝምታው አጠረ። ውኃ ጠጣ።

ዳይሬክተሯ ቢሮዋ ጠራችን፤ እኔንና ጋሼ ልጓምን። በሩን ዘጋች።

"መድኃኒቱን በእጁ የሚሰጠው ማነው?"

"እኔ ነኝ" አሉ ጋሼ ልጓም።

"በአንድ ጊዜ ስንት ጥቅል ነው የሚሰጡት?"

"አንድ።"

"እርግጠኛ ነዎት? ሁለት ሰጥተው ቢሆንስ? ማንበብ አይችሉም እኮ።"

ጋሼ ልጓም ወጥተው ሽቦ ላይ የተሰኩ ወረቀቶች ይዘው መጡ። የሰጡትን ጥቅል ወረቀት ሁሉ ሲሰኩ ከርመዋል፤ እኔ እንኳ አላውቅም ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፏቸው። "ከቅዳሜ ወዲህ ዘጠኝ። ቅዳሜ ሁለት፣ እሁድ ሁለት፣ ሰኞ ሁለት፣ ማክሰኞ ሁለት፣ ትናንት ጠዋት አንድ። ይቁጠሩት።"

ዳይሬክተሯ አልቆጠረችም። "ወረቀት መጣልም መሰካትም ይቻላል" አለችና ወደኔ ዞረች። "ዶክተር፣ ሁለቴ ሰጥተው ሊሆን ይችላል?"

ጋሼ ልጓም አዩኝ። ልመና አልነበረም። መልሱን እንደማውቀው እርግጠኛ ሆነው፣ እስክናገር ነበር የሚጠብቁኝ።

"ሊሆን ይችላል" አልኩ።

በመርህ ደረጃ ሁሉም ነገር ሊሆን ይችላል። እንደ ሐኪም ሌላ ምን ልል እችል ነበር?

ዓርብ፣ ሰኔ 20

አሰናበተቻቸው። ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። ልጓሙን ቦራ በር ላይ ሰቅለውት ሄዱ። ያለ ልጓም ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ትከሻቸው ከሌላው ዝቅ ይላል፤ አላውቅም ነበር።

የመድኃኒት ቁም ሳጥኑን ቆልፌዋለሁ? ተመልሼ ሄጄ አየሁ። ተቆልፏል። ግማሽ መንገድ ሄጄ ደግሞ ተመለስኩ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21

ድርቆሽ በላ! እየቆመ፣ እያሰበ፣ ግን በላ። አርባ ስድስት። ያ የተጣበቀው ምት የለም።

የደሙ ውጤት መጣ። መድኃኒቱ ከሚፈለገው እጥፍ በላይ ነበር። መምህሬ በስልክ፣ "የቀረ ጥቅል አለ? ብንመዝነው ቁርጡን እናውቅ ነበር" አሉ።

"ጥዬዋለሁ።"

"ጣልሽው።"

"አደገኛ ስለሆነ።"

"እ" አሉ። እንዲህ አጭር "እ" ከሳቸው አፍ ሰምቼ አላውቅም።

እሁድ፣ ሰኔ 22 – ማታ

ዛሬ ሥራ አልነበረኝም። ምድጃውን አጠብኩ። የልብስ ቁም ሳጥኑን አውጥቼ መልሼ አጠፍኩ። መስኮት ወለወልኩ። ባለቤቴ መኪና መንዳት አስተማሪ ስለሆነ የደነገጠ ሰው ያውቃል። "አንቺ ፍሬን ልትይዢ ብለሽ ነዳጅ የምትረግጪ ተማሪ መስለሻል" አለኝ። ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ከሰዓት የቤት ቁልፍ ፍለጋ ቦርሳዬን ከፈተ። ሳጥኑን አወጣው።

"ይሄ የማን መድኃኒት ነው?"

"የፈረሱ።"

"ለምን ቤት አመጣሽው? ባዶ አይደል እንዴ?" አገላበጠውና ጎኑን አነበበ። "ሁለት መቶ ሃምሳ ይላል። ብዙ ነው እንዴ?"

ከእጁ ነጠቅኩት። ወደ መኝታ ቤት ይዤው ገባሁ። ተከትሎኝ አልመጣም። አሁን ሳሎን ተቀምጧል፤ ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም።

እንግዲህ ልጻፈው። ቁጥሩን ዛሬ አይደለም ያየሁት። ረቡዕ ዕለት፣ ከመምህሬ ጋር ተነጋግሬ ስልኩን እንደዘጋሁ፣ መሳቢያውን ከፍቼ አይቼዋለሁ። ሁለት መቶ ሃምሳ። አርባ ሳይሆን ሃያ መሆን ነበረበት። ሁለት ጣት ስፋት ባለው ሳጥን ላይ፣ በትልቁ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ነው ጥቅሎቹን የጣልኩት። ከዚያ በኋላ ነው "ሊሆን ይችላል" ያልኩት። ከላይ የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩ። ማንም በማያየው ደብተር ላይ እንኳ ዋሽቻለሁ። ማንን ለማታለል?

ስህተት ይቅር ይባል ይሆናል። ያቺ "ሊሆን ይችላል" ግን ስህተት አይደለችም።

ነገ እናገራለሁ።

ሰኞ፣ ሰኔ 23

አልተናገርኩም። ዳይሬክተሯ ከወላጆች ጋር ስብሰባ ነበራት።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

ያለ መድኃኒት ልቡ ስልሳ ተመለሰ። መምህሬ መጥተው በትክክለኛው መጠን እንደገና እንዲጀመር አዘዙ። "አንቺ አዘጋጂው" ሲሉኝ፣ "እርስዎ ያዘጋጁት፣ እጄን አሞኛል" አልኩ። ከዚያው ፋብሪካ ካመጡት አዲስ ሳጥን ሃያ ክኒን አንድ በአንድ ቆጥረው ወቀጡ። ሲወቅጡ ቀና ብለው አላዩኝም። ሲጨርሱ ሳጥኑን ወደኔ አዙረው፣ ቁጥሩ ወደኔ እንዲሆን አድርገው አስቀመጡና ሄዱ።

ያውቃሉ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 25

ዳይሬክተሯ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ለሌሎች የፈረስ ቤቶች የሚላክ ማስጠንቀቂያ ነው። "በቸልተኝነት ከባድ መድኃኒት ደራርበው በመስጠት ፈረስ ለሞት ያደረሱ" ይላል ስለ ጋሼ ልጓም። ከታች የሐኪም ፊርማ ቦታ አለው።

"ቦራ እኮ አልሞተም" አልኳት።

"ለሞት ማድረስ ማለት መግደል አይደለም። ፈርሚው፤ ነገ ይሄዳል።"

"አንብቤ ልመልሰው።"

ፈረስ ከመጠበቅ ሌላ ሥራ አያውቁም። ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ስራመድ ይንኮሻኮሻል። ባለቤቴ እራት ላይ፣ "ኪስሽ ውስጥ ምን አለ?" አለኝ። አሳየሁት። ሁሉንም ነገርኩት። ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝና፣ "ትናንት ብትነግሪኝ ኖሮ ይበልጥ እወድሽ ነበር" አለ። ከዚያ ሳህኖቹን አጠበ። እኔ አደረቅኩ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

ነገርኳት። ቆሜ። ሳጥኑንም ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። 

ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ሳጥኑን በጣቷ ጫፍ ወደኔ ገፋችው።

"ይሄን ሌላ ማን ያውቃል?"

"መምህሬ ገብቷቸዋል። ባለቤቴም።"

"እሺ። ትርኢቱ እሁድ ነው። ወላጆች ሐኪማችን ፈረስ ልትገድል ነበር ሲባል ቢሰሙ አንድ ልጅ አይመጣም። አንድ ፊደል የማይቆጥር ጠባቂ ተሳሳተ ሲባል ግን ሁሉም ይገባዋል። ሰውዬው ደግሞ አርጅተዋል፤ ዛሬም ነገም መሄዳቸው አይቀርም ነበር።"

የሚያስፈራው፣ ለአንድ አፍታ ደስ ያለኝ መሆኑ ነው። በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። እግሬ ወደዚያ ሊሄድ ሲል ተሰማኝ።

"ወረቀቱን አልፈርምም" አልኩ። "ለሐኪሞች ማኅበርም እጽፋለሁ። በራሴ ላይ።"

"እንግዲያው ምትክ ሐኪም እስክናገኝ ብቻ ነው የምትቆዪው።"

"ይገባኛል።"

ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 28

ጋሼ ልጓም ቤት ሄድኩ። የሚኖሩት ከሴት ልጃቸው ጋር ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ። በሩን የከፈተችው ልጃቸው ናት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት መንገዱን አልለቀቀችልኝም፤ "አባዬ፣ የዛ የሥራ ቦታህ ዶክተር" ብላ ተጣራች።

ጠባብ ሰገነት ላይ ተቀምጠው የተሰበረ ወንበር እግር ይጠግኑ ነበር። አልተነሡም። የልጃቸው ድመት ከእግራቸው ሥር ተኝታለች።

"ቦራ ሞተ?" አሉ መጀመሪያ።

"የለም፣ ጋሼ። በልቷል። ዛሬ አርባ ስምንት ነው።"

መዶሻውን አስቀመጡ። ትንፋሻቸው ሲወጣ ሰማሁት።

ነገርኳቸው። ሳጥኑን፣ ቁጥሩን፣ አርባውንና ሃያውን፣ የጣልኳቸውን ጥቅሎች። አላቋረጡኝም። ስጨርስ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"መቼ ነው ያወቁት?"

ያወቁት አሉኝ። በአንቱታ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ "አንቺ ልጄ" ሲሉኝ የኖሩ ሰው።

"ረቡዕ ዕለት። ዳይሬክተሯ ከመጥራቷ በፊት።"

"እንግዲህ እኔ ወረቀቶቹን ስቆጥር ያውቁ ነበር።"

"አዎ።"

አንገታቸውን ነቀነቁ። "እኔ ሦስት ሌሊት ስቆጥር አደርኩ። ሁለት ሰጥቼ ይሆን እንዴ፣ አእምሮዬ ከድቶኝ ይሆን እንዴ እያልኩ። ልጄን፣ ሐኪም ቤት ውሰጂኝ፣ ጭንቅላቴን ይዩልኝ አልኳት።"

ይቅርታ አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ቀለለብኝ፤ እንዲህ ለሚያክል ነገር እንዲህ ያነሰ ቃል።

"ይቅርታውን ያስቀምጡት" አሉ። "ለዳይሬክተሯ ነግረዋል?"

"ነግሬያለሁ።"

"ሌሎቹስ? ጋጣ ያሉት?"

"ገና።"

"እነሱ ናቸው እኔን ያዩኝ" አሉና መዶሻውን አነሡ።

እሁድ፣ ሰኔ 29

ትርኢቱ ከመጀመሩ በፊት ሠራተኞቹን በሙሉ ድርቆሽ ቤት ሰብስቤ ነገርኳቸው። ኮርቻ ሰፊው መሬት መሬት አየ። አንዷ ጠባቂ፣ "እና እሳቸው ይመለሳሉ?" አለች። ያንን እንጂ ስለኔ ማንም አልጠየቀም።

ዳይሬክተሯ ሰማች። ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ከትርኢቱ በኋላ ግን፣ ሁሉንም ሠራተኞች ቢሮዋ በር ላይ ቆመው ስታገኛቸው፣ ስልኩን አንሥታ ለጋሼ ልጓም ደወለች። ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ ስትወጣ ፊቷ ቀልቶ ነበር።

ቦራ በሰልፉ አልወጣም። ከጋጣው ሆኖ ሙዚቃውን ጆሮውን አቁሞ ሰማ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 2

ጋሼ ልጓም ተመለሱ። ቦራ ሲያያቸው አላሽካካም፤ እንደ ትናንት የተለዩ ይመስል ወደ ኪሳቸው አፍንጫውን ሰደደ። እሳቸው ግን ግንባራቸውን ቦራ ግንባር ላይ ባለው ነጭ ምልክት ላይ አስደግፈው ቆዩ። እኔ ወደ መድኃኒት ክፍሉ ገባሁ፤ የሚሠራ ነገር አልነበረኝም፤ ጠርሙሶቹን በቁመት ደረደርኳቸው።

ከዚያ ወዲህ ጥቅል አይቀበሉኝም። ሳጥኑን አስመጥተው፣ "ምን ይላል?" ይላሉ። አነብላቸዋለሁ። ክኒኖቹን ጨርቅ ላይ ይቆጥራሉ። ሃያ። ሳይወቀጡ በፊት።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

አዲሱ ሐኪም ነገ ይገባል። የማኅበሩ መልስ ገና አልመጣም፤ ፈቃዴን ለጊዜው ሊያግዱት ይችላሉ። ባለቤቴ መኪና መንዳት ላስተምርሽ ይለኛል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅሁ።

ቦራን ለመጨረሻ ጊዜ አዳመጥኩት። አርባ ሁለት። ዛሬም አመታቱ ያልተስተካከለ ነው፤ እስከ መጨረሻው እንደዚያው ይሆናል። አይጋለብም። ጠዋት ጠዋት በእርጋታ ይሄዳል፤ ለስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም።

የቦራን የሕክምና መዝገብ ከፍቼ የሰኔን ገጽ ጻፍኩ። ጋሼ ልጓም የቦራን ገመድ ይዘው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

"ምን ጻፉ?" አሉኝ።

"ስለ መድኃኒቱ።"

"ያንብቡልኝ።"

አነበብኩ። "ከሰኔ 14 እስከ ሰኔ 18 ጠዋት ድረስ ከታዘዘው እጥፍ ዲጎክሲን ተሰጥቶታል። መጠኑን የሳተችው ሐኪሟ ናት። ጠባቂው የተሰጣቸውን በትክክል ሰጥተዋል፤ ማወቋን ደብቃ ጥፋቱን በእሳቸው ላይ ያደረገችውም ሐኪሟ ናት።"

ገመዱን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ይድገሙልኝ" አሉ።

ደገምኩላቸው፤ ቀስ ብዬ። በየቃሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ ቦራን አዙረው ወደ ሜዳው ይዘውት ወጡ።